ሁለት ሰው የሚያነሣ

አውሮፕላኑን የሠራሁት ለሰገነት ነው። ይህን ከመጀመሪያው ተናግሬ ልገላገል፤ ምክንያቱም መሥሪያ ቤት ውስጥ "አዘዘ ሃምሳ ሊሞላው ነው፣ እንደ ጎረምሳ ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ ይውላል" እያሉ እንደሚያሙኝ አውቃለሁ። ይሙኝ። ቅዳሜና እሑድን የእንግሊዝ ኳስ ሲያይ ውሎ ሰኞ ድምፁ ተዘግቶ ሥራ የሚገባ አለቃ አለኝ፤ እሱን ማንም አያማውም። እኔ ደግሞ አውሮፕላን እቀባለሁ።

ሰገነት ባለቤቴ ናት። የባንክ ሠራተኛ ነች፤ አሁን ያለችው ሐዋሳ ነው። እድገት ሰጥተው ወደዚያ ሲያዛውሯት "አንድ ዓመት ምን አላት" ተባብለን ተስማማን። እሷ ሄደች፣ እኔ ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ ባለችው ቤታችን ቀረሁ። ዓመቷም እንዳልነው ምንም አልነበራትም፤ ቶሎ አለፈች። ሰገነት ግን አልተመለሰችም። እኔ ፈቃድ ልወስድ ስል ፋብሪካው ትእዛዝ ይበዛበታል፤ እሷ ልትመጣ ስትል ሒሳብ መዝጊያ ይደርስባታል፤ ሁለታችንም ነፃ ስንሆን መንገዱ ደህና አይደለም ይባላል። ይኸው ሁለተኛው ዓመትም እየተገባደደ ነው። ልጅ የለንም።

አልተጣላንም። እንደዋወላለን። "ደህና ነህ?" "ደህና ነኝ፤ አንቺስ?" "ደህና ነኝ።" ከዚያ ስለ መብራት እናወራለን። መብራት ሲጠፋ ስለ ኔትወርክ እናወራለን። ስልኩን ስዘጋው ቤቱ ከበፊቱ የበለጠ ጭር ይልብኛል፤ አንዳንዴ ባልደወልኩ ኖሮ እላለሁ።

የካቲት ላይ ባንኩ ቁርጡን ጠየቃት። ሐዋሳ በቋሚነት ትቀራለች ወይስ ባሕር ዳር ወደነበረችበት ቦታ ትመለሳለች? እስከ መጋቢት መጨረሻ መልስ ስጪ አሏት። ደውላ ነገረችኝና "አንተ ምን ትላለህ?" አለችኝ። አሁን ሳስበው ራሴን ግድግዳ ጋ ላጋጨው እፈልጋለሁ። "አንቺ እንደመሰለሽ" አልኳት።

ነይ ማለት ፈልጌ ነበር። አንዲት ቃል ነች። ግን እኔ እንዲህ ነኝ፤ ልቤ ውስጥ ያለው ነገር በአፌ በኩል መንገድ የለውም፤ በእጄ በኩል ነው የሚወጣው። ስናገባ እንኳ እወድሻለሁ ለማለት ቁም ሣጥን ነው የሠራሁላት።

የአውሮፕላኑ ነገር ከቀልድ የመጣ ነው። ከአዳማ መጥተን ባሕር ዳር ሥራ የጀመርን ሰሞን ጀልባ ተሳፍረን ደሴት ልናይ ሄድን። ስንመለስ የከሰዓቱ ነፋስ ተነሣና ሐይቁ ጀልባዋን ያንገጫግጫት ጀመር። ሰገነት ክንዴን ይዛ አንድ ቃል ሳትናገር መሬት ደረሰች፤ ስትወርድ "ከእንግዲህ በዚህ ሐይቅ ላይ የምሄደው በአየር ከሆነ ብቻ ነው" አለች። ከዚያ ወዲህ ዳር ዳሩን በእግራችን ስንንሸራሸር ወደ ጎርጎራ የሚሄደውን ጀልባ ባየን ቁጥር "ጎርጎራ እንሂድ?" እላታለሁ፤ "አውሮፕላንህን አምጣና" ትለኛለች። ስንት ዓመት ሙሉ ያቺኑ ቀልድ ስንደጋግም ኖርን። ባልና ሚስት እንዲህ ነው፤ አንድ ቀልድ ካለው ይበቃዋል።

እናም አውሮፕላኔን ላመጣ ቆረጥኩ። ኮምፒውተሬ ላይ ሲሙሌተር አለኝ፤ አውሮፕላን የሚያበሩበት፣ አገሩ ሁሉ ከነተራራው ከነሐይቁ ያለበት ጨዋታ ነው። አሳቤ ይህ ነበር፦ ውሃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን ሠርቼ፣ እሷንና እኔን አሳፍሬ፣ ከባሕር ዳር ዳርቻ ተነሥቼ፣ በደቅ ደሴት ላይ አልፌ ጎርጎራ አርፋለሁ። ያንን ቀርጬ መጋቢት ሳያልቅ እልክላታለሁ። "ይኸው አመጣሁልሽ" እላታለሁ፤ የቀረውን እሷ ትረዳዋለች። ትመለሳለች።

ከባዶ ተነሥቶ አውሮፕላን የሚሠራ ሰው አይደለሁም። ሰዎች ሠርተው በነፃ የሚለቋቸው አሉ፤ እነሱን አውርዶ መቀየር ይቻላል። የወደድኳት አንዲት ባለ ሁለት ወንበር ትንሽ አውሮፕላን ነበረች፤ የሠራት ፊንላንድ የሚኖር ጡረተኛ ነው። ቀለሟን እንደፈለጋችሁ ቀይሩ፣ አካሏን ለመቀየር ግን አስፈቅዱኝ ይላል። ጻፍኩለት። ጎማዋን አውጥቼ እንደ ጀልባ የሚያንሳፍፍ የውሃ እግር ላደርግላት እንደምፈልግ፣ የምኖርበት ሐይቅ የት እንደሆነ፣ ለማን እንደምሠራት ሁሉ ነገርኩት። ለማላውቀው ሰው በሰው ቋንቋ ይህን ሁሉ መጻፍ ቻልኩ፤ ለሚስቴ አልቻልኩም።

ፈቀደልኝ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀኝ፤ ሞተሩን እንዳልነካ። አውሮፕላኗ በእውነት የነበረች፣ እሱ ራሱ ዕድሜውን ሙሉ ያበረራት ናት፤ ጉልበቷን እንደነበረው አድርጎ ነው ያስቀመጠው። ቁጥር ቀይሮ ጉልበተኛ ማድረግ ለማንም ቀላል ነው፤ ያኔ ግን የእኔ አውሮፕላን አትሆንም አለኝ። ሰውየውን ወደድኩት። ቃል ገባሁለት።

የቀለሙ ሥራ ለእኔ ብዙም አልከበደኝም፤ እንጀራዬ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የአንሶላና የመጋረጃ አበባ የምስለው እኔ ነኝ። የአውሮፕላን ቆዳ ኮምፒውተር ውስጥ ሲዘረጋ እንደ ተተረተረ ቀሚስ ነው፤ እዚህ ጋ ክንፉ፣ እዚያ ጋ ሆዱ፣ ጥግ ላይ ጅራቱ። ያን ዝርግ ጨርቅ ትቀባለህ፣ መልሶ ይሰፋዋል። ጅራቱ ላይ ሰገነት የምትወደውን የአንሶላ አበባ አደረግኩ። አዎ፣ አንሶላ። አውሮፕላን ላይ አንሶላ የሳለ ሰው ከእኔ በፊት መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ስሟን ከበሩ ሥር በትልቁ ጻፍኩት። ከግራ ሳየው "ሰገነት" ይላል፤ ዞሬ ከቀኝ ሳየው በመስታወት እንደታየ ጽሕፈት ተገልብጧል። የፊንላንዱ ሽማግሌ ጨርቅ ቆጥቦ ኖሯል፤ ለግራና ለቀኝ ያለበሳት አንዱኑ ቁራጭ ነው። ሁለቱን ጎን ለያይቼ ለየብቻ ለመስፋት አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ያን ሳምንት ደስ ብሎኝ ነበር፤ ከሥራ ወደ ቤት ስሄድ የምቸኩልበት ነገር አገኘሁ።

የውሃ እግሮቿን የቀዳሁት ከቡርሀን ነው። ቡርሀን ሐይቁ ዳር ጀልባ የሚሠራ ወዳጄ ነው፤ አባቱም አያቱም የዚሁ ሥራ ሰዎች ነበሩ። አጠገቡ ተቀምጬ የጀልባውን ሆድ ከታች ከላይ ስስል "አንሶላው አልበቃህ ብሎ ወደኔ ሥራ መጣህ?" እያለ ይቀልድብኛል። ሰማያዊና ቢጫ ቀለሙንም ወሰድኩበት። አንድ ልማድ አለው፤ አዲስ ጀልባ ባዶውን ውሃ ላይ አይሞክርም። በየመቀመጫው የሰው ክብደት ያህል አሸዋ በማዳበሪያ ሞልቶ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ነው የሚያወርደው። ለምን እንደሆነ ጠየቅኩት።

"ባዶውንማ ሁሉም ያምራል" አለኝ። "አንድ ጊዜ ባዶውን ሞክሬ ለሰውየው ሰጠሁ። ቤተሰቡን ሲጭን ወደ አንድ ወገን አዘነበለ። ከዚያ ወዲህ አሸዋ ሳልጭን ለቅቄ አላውቅም።"

ቤት ገብቼ የአውሮፕላኗን ፋይል ከፈትኩ። ሽማግሌው ለሁለቱም ወንበር የክብደት ቦታ አስቀምጧል፤ የተሳፋሪው ዜሮ ነው። እስከዚያ ቀን ስሞክራት የነበረው ብቻዬን ነበር ማለት ነው።

ተሳፋሪዋን መሥራት ጀመርኩ። ሰገነትን ከፎቶ ላይ አየሁና ቀረጽኳት፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ። ፊቷን ያዞርኩት ሙያ ስላጠረኝ ነው፤ ፊት መሥራት አልችልም። ፎቶዎቹም ሁሉ የድሮ ናቸው። አዲስ ፎቶ ላኪልኝ ብላት "እልካለሁ" አለችና ሳትልክ ቀረች። በቪዲዮ እንነጋገር ብላትም ኔትወርኩ አይችልም ትለኛለች። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ተመችቶኝ ነበር፤ በቪዲዮ ዝም ሲባባሉ መተያየት አለ።

ክብደቷን አውቀዋለሁ። ልትሄድ ሰሞን ሐይቁ ዳር ካሉት ዘንባባዎች ሥር ስንንሸራሸር ጋሼ ገድሉ ጋ ተመዝነን ነበር። ጋሼ ገድሉ መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ አዛውንት ናቸው። እኔ ሰማንያ፣ እሷ ስልሳ ሁለት። "ይህን ያህል አልወፈርኩም፣ ሚዛንዎ ይዋሻል" ብላቸው ሆዷን ይዛ ስትስቅ አስታውሳለሁ። ሁለቱንም ቁጥር አስገባሁ።

ተነሣች። ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ውሃውን ትንሽ ሰነጠቀችና ብድግ አለች። ከወንበሬ ተነሥቼ ቤት ውስጥ ተንጎራደድኩ። ደቅን ከላይ አየሁት፤ ከዚያ ሰሜን ዳር ላይ ጎርጎራ። ሳርፍ ተሳፋሪዋ አጠገቤ ናት፤ ወደ መስኮቱ ታያለች። "ይኸውልሽ" አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ሰው ባለመኖሩ ያን ቀን ብቻ ደስ አለኝ።

ፊልሙን ቀረጽኩት፤ ግን ለሰገነት ከመላኬ በፊት ፋይሉን ለሽማግሌው ላክሁ። አካሏን ስለቀየርኩ ማየት አለበት፤ ቃላችን ነው።

በዚያው ሳምንት ቡርሀን ለማፍጠሪያ ጠራኝ። የእኛ ሁዳዴና የእነሱ ረመዳን ተገጣጥሞ ስለነበር ሁለታችንም ጿሚ ነን። ባለቤቱ መሪማ ለእኔ ስትል ሳምቡሳውን በምስር ሠርታለች። ፊልሙን በስልኬ አሳየኋቸው። ቡርሀን እግሮቹን አይቶ "ጀልባዬ በረረች" አለ። መሪማ ግን የጠየቀችኝ ሌላ ነው፤ ባለቤቴ አይታው እንደሆነ። ገና ነው አልኳት። ከዚያ ሳህኔ ላይ ሳምቡሳ እየጨመረች "ቤትህ ብቻህን ነው የምትበላ?" አለችኝ። አዎ አልኳት። "ኧረ ተው። ብቻ ሆኖስ ምን ይበላል" አለች። ለምጄዋለሁ ብዬ አስቄያት አለፍኩት። እውነቱን ለመናገር እኔ እበላለሁ። ዜና ከፍቼ፣ ቆሜም ቢሆን እበላለሁ።

የሽማግሌው መልስ ሲመጣ የምሳ እረፍት ላይ ነበርኩ። ሥራውን አመስግኗል፤ አበባውን ወዶታል። ከዚያ አንድ ጥያቄ አለኝ ይላል። "ሚስቴን አሳፍሬ ያልከኝ መስሎኝ ነበር። የሚበሩት ሁለት ልጆች ናቸው እንዴ?"

አልገባኝም። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ገባኝና ብቻዬን ፊቴ ቀላ። ፋይሉ የሚቆጥረው በፓውንድ ነው፤ የኪሎ ግማሽ እንኳ በማይሞላ በፈረንጅ መለኪያ። እኔ ደግሞ እንደ አገሬ ሰው በኪሎ አስገብቼ ቁጭ ብያለሁ። ጎርጎራ ድረስ ያበረርኳቸው አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅና አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ናቸው።

ማታውን ትክክለኛውን አስገባሁ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አውሮፕላኗ አልነሣ አለች። ውሃውን ትሰነጥቃለች፣ ትጮኻለች፣ አፍንጫዋን ቀና ታደርጋለች፤ ከውሃ ግን አትላቀቅም። አንድ ጊዜ ተናድጄ ዝም ብዬ ብለቃት ውሃ ውሃውን እየጋለበች ደቅ አጠገብ ደረሰች። ጀልባ የምትፈራን ሴት በአውሮፕላን ጀልባ አሳፈርኳት።

ለሽማግሌው ጻፍኩ። ሐይቃችሁ ከፍታ ላይ ነው አለኝ፤ አየሩ ስስ ነው፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር እዚያ ሁለት ጎልማሳ ከውሃ ላይ ማንሣት ይከብደዋል። ሁለት ነገር መከረኝ። ወይ ነዳጅ ቀንስ፣ ወይ ተሳፋሪህን ዳርቻው ላይ ተዋትና ብቻህን ሂድ። የሁለተኛውን ምክር ሳነብ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ወረወርኩት። ሰውየው በክፋት አላለውም። ግን ብቻ መሄዱን እኔም አላጣሁትም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዬን የምሄድ ሰው ነኝ።

ነዳጅ ቀነስኩ። ጎርጎራ አድርሶ የሚመልሰውን ያህል ብቻ አስቀረሁ። ከዚያ በታች አልወርድም አልኩ፤ ወስዶ የማይመልስ አውሮፕላን ለሰገነት አላሳያትም። አሁንም አልነሣም አለች። ሞተሩን መንካት ይቻል ነበር። አንዲት ቁጥር ነች፤ ማንም አያውቅብኝም። አንድ ቀን ጣቴ እዚያች ቁጥር ላይ ደርሶ ተመለሰ። በውሸት ያነሣኋት አውሮፕላን ለሰገነት ምን ልትላት? እስካሁን ስንባባል የኖርነው "ደህና ነኝ" ይበቃል።

በሚቀጥለው ቀን ከሥራ ስወጣ ጋሼ ገድሉ ጋ ሄጄ ሚዛኑ ላይ ወጣሁ። ቀንሻለሁ። ጋሼ ገድሉ መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፍተው አዩኝና "ወርደሃል፤ ጦሙ ነው ሐሳብ?" አሉኝ። ጦሙ ነው አልኳቸው። ከዚያ "ያች ሳቂታዋስ? ሚዛኔን ውሸታም ያለችው? ካየኋት ሰነበትሁ" አሉኝ። ሐዋሳ ናት ብዬ ሒሳባቸውን ሰጥቼ ሄድኩ። መንገዱን በሙሉ አስታውሰዋት መሆኑ ደስም አለኝ፣ አመመኝም።

የቀነስኩትን አስገባሁ። እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ፣ ምሳዬን እንኳ ሳላቀርብ ሞከርኳት። ውሃውን ለቀቀች። አየር ላይ ትንሽ ቆየችና ተመልሳ ጧ ብላ ወደቀች። ደግሜ ሞከርኩ፤ ደግማ ለቀቀች፣ ደግማ ወደቀች። ጥቂት ኪሎ ብቻ ነው የጎደለን። መጋቢት ሊያልቅ ቀናት ቀርተውታል።

ያኔ ነው አሳቡ የመጣልኝ። ሰገነትም ጿሚ ናት። እኔ ከቀነስኩ እሷስ ትንሽ አትቀንስም? የማስገባው እኮ ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ክብደቷን ነው። ሦስት ኪሎ ብትቀንስ፣ አራት ብትቀንስ እንነሣለን። ምን ዓይነት ብልህ ነኝ ብዬ ብቻዬን እየሳቅኩ ደወልኩላት።

ምሳ በልታ እንደሆነ ጠየቅኳት። "እበላለሁ" አለች።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዳትስቂብኝ" አልኳት። "ስንት ኪሎ ነሽ?"

አልሳቀችም። በጣም ስለቆየች ስልኩ ተቋርጦ እንደሆነ ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት።

"ማን ነገረህ?" አለችኝ።

"ምኑን?"

"አርባ ስምንት" አለች፣ ቀስ ብላ።

እኔ ለመደመርና ለመቀነስ ተዘጋጅቼ ወረቀት ይዤ ነበር። እጄ ላይ ቀረ።

"ስልሳ ሁለት ነበርሽ እኮ።"

"ነበርኩ።"

አሞሽ ነው ወይ አልኳት። አላመመኝም አለች። ሐኪም ቤት ሄዳለች፤ ደሟንም ሁሉን ነገር አይተው ምንም የለብሽም፣ ብዪ ብቻ ብለዋታል። መጀመሪያ ላይ አከራዮቿ ማዕድ ሲቀርብ ይጠሯት ነበር፤ እነሱ ቤቱን ሸጠው ከሄዱ ወዲህ ግቢው ውስጥ ያለችው እሷ ብቻ ናት። ይህን ሁሉ የነገረችኝ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ ሰው ሆና ነው።

"ብቻዬን ስቀመጥ አይወርድልኝም፣ አዙ" አለችኝ። "ሠርቼ አቀርባለሁ። ሁለት ጊዜ እጎርሳለሁ፣ ከዚያ አነሣዋለሁ። ለራሴም ይገርመኛል።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንደመሰለሽ ትለኛለሃ።"

ፎቶ ያልላከችው ለዚህ ነው። ኔትወርኩ አይችልም ያለችው ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ተመችቶኝ ነበር።

ለምን ክብደቷን እንደጠየቅኳት ጠየቀችኝ። ሳልነግራት ልጨርስ የነበረውን ነገር ነገርኳት፤ ስለ ጎርጎራ፣ ስለ አንሶላው አበባ፣ ስለ ሁለቱ ልጆች፣ ትንሽ ኪሎ ብቻ እንደጎደለን። ስለ ሁለቱ ልጆች ስትሰማ ትንሽ ሳቀች። ድሮ ሆዷን ይዛ የምትስቀውን ሳቅ አውቃለሁ፤ ይህ የዚያ ሩብ እንኳ አይሆንም። ግን ሳቅ ነው።

"እንግዲያማ ተነሣች በለኛ" አለች። "ሂድና አስገባው። መልሼ እደውላለሁ።"

ዘጋሁት። ኮምፒውተሩ ፊት ለረጅም ጊዜ ተቀመጥኩ። ማስገባት አልፈለግኩም፤ አለማስገባትም አልቻልኩም፤ መልሳ ስትደውል ምን ልላት ነው? አርባ ስምንትን ወደ ፓውንድ ቀየርኩና አስገባሁ።

ተነሣች። ምንም አላስቸገረችም። ከዚህ በፊት ታምጥበት ከነበረው ውሃ ላይ እንደ ቀልድ ብድግ አለች፤ ዘንባባዎቹ ከሥሬ ቀሩ። ወር ሙሉ እንድትነሣ የለመንኳት አውሮፕላን ስትነሣ እያየሁ እንባዬ መጣ፤ የደስታ እንዳይመስላችሁ። ዞር ብዬ ተሳፋሪዋን አየኋት። የሠራኋት በድሮ ፎቶ ነው፤ ክንዷ ሙሉ ነው፣ አንገቷ ሙሉ ነው፤ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወደ መስኮቱ ታያለች። መልኳ የድሮዋ ሰገነት ነው፤ ክብደቷ ግን የዛሬዋ። አውሮፕላኗን ያነሣት በመሃሉ የጠፋው ኪሎ ነው።

እኔ ያን የጠፋውን ነበር ስመኝ የሰነበትኩት። ሦስት ኪሎ፣ አራት ኪሎ ትቀንስልኝ እያልኩ። ደቅ ሳልደርስ አጠፋሁት። ፊልም አልቀረጽኩም።

ስልኩ ጠራ።

"እሺ? ተነሣች?" አለችኝ። ድምፅዋ ሞቅ ብሏል። ረድታኝ እንደሆነ መስማት ትፈልጋለች፤ ያ ሁሉ መክሳቷ ለአንድ ነገር እንኳ ጠቅሞ እንደሆነ።

በሞተሩ ያልዋሸሁትን ውሸት ያኔ ዋሸሁት።

"አልተነሣችም" አልኳት። "ምንም አልጠቀመም። ልትነሣም አትችልም፤ ተይው። እኔ እመጣለሁ፣ ሰገነት። ነገ ፈቃድ እጠይቃለሁ፤ ባይሰጡኝም እመጣለሁ። እስክመጣ ለባንኩ ምንም እንዳትመልሺ። መጀመሪያ ተቀምጠን ምሳ እንበላለን።"

"በጾሙ ምን ላበላህ ነው?" አለችኝ።

"ሽሮ። ምንም ይሁን።"

"ሽሮማ አሁንም አለ" አለች። "ቀዝቅዟል እንጂ።"

"አቅርቢው። እኔም አልበላሁም።"

ስልኩን ሳልዘጋ ድምፁን ከፍ አድርጌ ወጥ ቤት ገባሁ። የትናንቱን ሽሮ ከነድስቱ አመጣሁት፤ እንጀራ ዘረጋሁ፤ ኪቦርዱን ገፍቼ ስልኩን ሳህኑ ጎን አቆምኩት። በዚያኛው በኩል ወንበር ሲጎተት፣ ከዚያ ሳህን ሲቀመጥ ሰማሁ። "ባርከው" አለችኝ፤ ባረክሁት። ሁለተኛውን ጉርሻ ስትጎርስ ቆጠርኩ፤ ታነሣዋለች ብዬ ጠበቅኩ። አላነሣችውም። ስታኝክ ይሰማኝ ነበር።